ሥራው ያለቀ ውሻ ወደ ቤት ሲገባ

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ውሻ ነው፤ ያውም ስለ ቡችላ ሳይሆን ዕድሜውን በጥበቃ ስላሳለፈና ጥበቃው ስላበቃለት ትልቅ ውሻ።

በጅማ መንገድ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ከአስኮ ወጥቶ በቡራዩ እስከ ገፈርሳ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ እስከ ሱሉልታ ያለውን አጥርና በር እስቲ አስቡት። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የድንጋይ ካባው፣ የአበባ እርሻው፣ ተጀምሮ የቆመው ቪላ፣ ሁሉም ዘበኛ አለው፤ ዘበኛው ደግሞ ውሻ አለው። ሕንፃው ያልቃል፣ መጋዘኑ ተከራይ ይለውጣል፣ ግቢው ይሸጣል። ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ውሻው እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ ግንባታው ሲፈጥን ግቢ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አይተናል። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዳንድ ደግ ቤተሰብ ውሻውን አይቶ አንጀቱ አይችልም፤ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ንግግሬ ለዚያ ቤተሰብ ነው።

እንዲህ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስፋ ይቆርጣል። «አልለመደም»፣ «ተናካሽ ነው»፣ «አበላሁት፣ አጠጣሁት፣ ምስጋና ግን አያውቅም» ይላል። በእኔ እምነት ውሻው በእነዚያ ሳምንታት የሚያሳየው የድሮ ሥራውን ነው። ሥራው እንዳለቀ የነገረው የለም። ያንን በቃል ልንነግረው አንችልም፤ በቀን ውሎአችን፣ በጸጥታችንና በትዕግሥታችን ብቻ ነው የምናስረዳው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዓለም ብዙ የተማረው ከሩጫ ውሾች ነው። ግሬይሃውንድ የሚባለው ረጅም እግር ያለው፣ ቀጭን፣ ደረተ ሰፊ ውሻ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1919 በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል ውስጥ ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሰው ሠራሽ ጥንቸል ውሾቹን እንዲያስሮጥ አደረገ፤ በ1926 ሩጫው በእንግሊዝ ማንቸስተር ተከፈተና የውርርድ ሥራ ሆኖ ተስፋፋ። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ዕድሜ ገና እያለው ጡረታ ይወጣል። ቀድሞ የብዙዎቹ መጨረሻ መገደል ነበር፤ ኋላ ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ ቤት የሚወስዷቸው ሰዎች በዙ። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሩጫውን ከለከለች።

እነዚህን ውሾች ወደ ሳሎን ያስገቡ ሰዎች ያዩት ነገር አስደንቋቸዋል። ውሻው ደረጃ መውጣት አያውቅም፤ ከታችኛው እርከን ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የመስታወት በር የሌለ መስሎት ይላተመዋል። ቴሌቪዥን፣ መጥረጊያ፣ የሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ወለል ሁሉ አዲስ ነው። ተወልዶ ያደገው ከሌሎች ውሾች ጋር ስለሆነ ብቻውን ቤት ውስጥ ሲቀር ይጨነቃል። እንደዚያ የሚፈተለክ ውሻ ግን ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይተኛል። ይህንን ሁሉ ጅልነት ወይም በሽታ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ያላየውን ስለማያውቅ ብቻ ነው።

የእኛ የግቢ ውሻ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም አለ። ግሬይሃውንዱን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው እጅ ሲዳስሰው፣ ሲያጥበው፣ ሲመዝነው ኖሯል፤ እንግዳ ሰው አያስፈራውም። የእኛው ግን ከዘበኛው በቀር ሰው ሁሉ ጠላት እንደሆነ ተምሯል። በሌላ በኩል ብርድ ያውቃል፣ ጅብ ያውቃል፣ የጭነት መኪና ጩኸት አይደንቀውም። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣውን ምክር እንዳለ ልንወስደው አንችልም፤ ለእኛ ሁኔታ የሚሆነውን መርጠን እንይዛለን።

ከማምጣታችሁ በፊት ዘበኛውን አነጋግሩት። ውሻውን በደንብ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን እምብዛም የለም። በማን ስም ይጠራል? ሁሉም ሰው «ቡቺ» ቢለውም ዘበኛው የሚጠራበት ሌላ ስም ሊኖር ይችላል። በየትኛው ቋንቋ ነው ያደገው? በእኛ አካባቢ ብዙ ዘበኞች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ «ና» ሲባል ዝም ያለ ውሻ «ኮቱ» ሲባል ጆሮውን አቁሞ ሊመጣ ይችላል። ስንት ሰዓት ይበላ ነበር? ሰው ነክሶ ያውቃል? ክትባት ወስዷል? በምን ተመትቷል፣ በዱላ ነው፣ በድንጋይ ነው? ይህን የጠየቀ ሰው መጥረጊያ ሲያነሳ ውሻው ለምን ጥግ እንደሚይዝ አይገርመውም። ከተቻለ ዘበኛው ራሱ ወደ አዲሱ ቤት አብሮ ይምጣ፣ አንድ ጊዜ በእጁ ያብላውና ይሂድ። የተኛበትን ጆንያ ሳታጥቡ አብራችሁ አምጡለት፤ የራሱ ሽታ ካለበት ነገር ላይ ሲተኛ ቶሎ ይረጋጋል።

የምታመጡት በቀን ይሁን፣ በመኪናም ይሁን። በእግር እየጎተታችሁ በሰፈሩ ውሾች መካከል ካሳለፋችሁት ገና ሳይገባ ጠላት ታፈሩበታላችሁ፤ ገመድ በጥሶ ከጠፋም ወደ ድሮው ግቢ ሊመለስ ሲል ዋናውን መንገድ ያቋርጣል። ስትደርሱ አንድ ጥግ ስጡት፤ ሦስት ጎኑ የተከለለ፣ ሰው የማያልፍበት፣ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው። ውኃ አስቀምጡለት። ከዚያ ተዉት።

«ተዉት» ስል ከልቤ ነው። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ። ለሰው መልካም ነው። ለዚህ ውሻ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የተለዩ መሆን አለባቸው። አትዳብሱት፣ አትጎንበሱበት፣ ዓይን ለዓይን አትመልከቱት። በቀን አንድ ሁለቴ አጠገቡ በርጩማ ይዛችሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጋዜጣችሁን አንብቡ ወይም ምስር ልቀሙ። ሲነሱ ትንሽ ቁራሽ ጥሎ መሄድ ይበቃል። ምግቡን እናንተ እያያችሁት ካልበላ አይክፋችሁ፤ ሌሊት ይበላል። ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ድንገት ሰውነቱን አደንድኖ ሲቆም «ራቁልኝ» ማለቱ ነው። ሰው ይህን አላይ ሲል ነው ጥርስ የሚመጣው። መጀመሪያ ወደ እናንተ የሚመጣው እሱ ይሁን።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። በብዙ ግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። የታሰረ ውሻ አደጋ ሲመስለው መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ የቀረለት ብቸኛ መንገድ ማጥቃት ነው። ከዓመታት በኋላ ሰንሰለቱና ቁጣው አንድ ይሆኑበታል። ይህን ውሻ ወደ ቤታችሁ አምጥታችሁ እንደገና በሩ አጠገብ ብታስሩት፣ ሥራውን መልሳችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቢጮኽበት አትዘኑ። በአንድ ቀን ፈትቶ መልቀቅም ትክክል አይደለም። ግቢው ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ መሬት ላይ የሚጎተት ረጅም ቀላል ገመድ አድርጋችሁ ፍቱት። ገመዱ ውሻውን መያዝ የሚያስፈልግ ጊዜ አንገቱን እንዳትነኩ ይረዳችኋል። ከአጥር እስከ አጥር ይዙር፣ ያሽትት፣ ጥግ ጥጉን ያጥና። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱ አጭር ይሁን፣ ከዚያ እየረዘመ ይሂድ። አንገቱ ላይ የኖረው ሰንሰለት ቁስል ትቶ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ማሰሪያ መጫን የለበትም፤ በደረት በኩል የሚታሰር ሰፊ ማሰሪያ ይሻለዋል።

ከመፍታታችሁ በፊት አጥሩን ዙሩት። የቆርቆሮ አጥር ከሥሩ ውኃ እየሸረሸረው ክፍተት ይፈጠራል፤ በተለይ ከክረምት በኋላ። ውሻ በዚያ ሥር በአንድ ሌሊት ቆፍሮ ይወጣል። በሩም ላይ ሕግ አውጡ፤ ሰው ሲያንኳኳ ውሻው መጀመሪያ ወደ ጥጉ ገብቶ ይዘጋበታል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ይህ ለጥቂት ወራት ሳይሸራረፍ ይጠበቅ።

ለሱሉልታ ሰዎች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። በእናንተ ሜዳ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አትሌቶች ይሮጣሉ፤ ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮቻችን የሚሠሩበት መሬት ነው። በሕይወቱ የሚሸሸውን ማባረር የተማረ ውሻ ሯጭ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አትሌቱ ቢነከስ ወይም ሲሸሽ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር የዓመት ልፋቱ ይበላሻል። ስለዚህ ውሻችሁን ለሽርሽር የምታወጡት ሯጮቹ ከገቡ በኋላ ይሁን፤ ሁልጊዜም በማሰሪያ።

ስለ ምግብ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ውሻ አዲሱን ቤት ቤቴ ብሎ የሚቀበለው በአብዛኛው በምግብ ነው። ነገር ግን የምንሰጠው ፍርፋሪ ብዙውን ጊዜ ወጥ የነካው ነው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። አንድ ጉርሻ አይገድለው ይሆናል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ውሻው ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ባለቤቱም ምክንያቱን አያውቅም። ስለዚህ ለውሻው የሚሆነው ወጡ ከመሠራቱ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ፤ የተቀቀለ ሥጋ ወይም የሆድ ዕቃ ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳልና አይሰጥ። ጾም በሚሆንበት ወቅት ቤቱ ሥጋ ባይገባም ውሻው የሚበላውን አስቀድማችሁ አስቡ።

በበዓል ሰሞን ያለው ግን ከዚህም ይከፋል፤ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለእኛም አደገኛ ነው። በግቢ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ከታየ «ይህ አይበላም» ብለን ለውሻ እንወረውራለን። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው እጩ አንጀቱ ውስጥ ትንሽ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በሣር፣ በውሻው ፀጉር፣ በልጆች እጅ ላይ ይደርሳል። ሰው ሲውጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። መከላከያው ቀላል ነው፤ የታመመውን ዕቃ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻው በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንተል የተባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት፣ ውሻ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ። ከግቢ የመጣ ትልቅ ውሻ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲበላ እንደኖረ ገምታችሁ፣ በገባ ሳምንቱ ትሉን አስወግዱለት። ቁንጫውንና መዥገሩንም እንዲሁ።

ሌሊቱ የራሱ ጣጣ አለው። ይህ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ነቅቶ፣ ቀን ተኝቶ ኖሯል። ጅቡ ከእንጦጦ፣ ከወጨጫ ሲወርድ መጮኽ ግዴታው ነበር። አዲሱ ቤት በገባ ማግሥት ዝም እንዲል መጠበቅ የለባችሁም። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ይቅርታና ትዕግሥት ጠይቁ። ቀን ትንሽ በእግር አንሸራሽሩት፣ ማታ ዘግየት ብላችሁ አብሉት፣ ከቤታችሁ ደጃፍ ጋር አስጠግታችሁ አስተኙት፤ የሰው ትንፋሽ ሲሰማ እረፍት ያገኛል። ሲጮኽ ወጥታችሁ ብትጮኹበት አብራችሁት የጮኻችሁ ይመስለዋል። ብቅ ብላችሁ፣ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ቃል ተናግራችሁ ተመለሱ። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ ያረጀና የከሳ ውሻ መኝታው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ገለባ የተነጠፈበት ይሁን። ሲሚንቶ ላይ የኖረ ውሻ ክርኑና ወገቡ ይታመማል፤ ሲነሳ ቢያነክስ ስንፍና አይምሰላችሁ።

የተኛን ውሻ ግን ማንም አይንካው። የሩጫ ውሾችን ያሳደጉ ሰዎች በመራራ ልምድ የተማሩት አንዱ ይህ ነው፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው ስለሚተኙ የነቁ ይመስላሉ፣ ሲነኩ ግን ደንግጠው ይናከሳሉ። በሥራው ላይ እያለ በእንቅልፉ የተመታ የግቢ ውሻም እንደዚያው ነው። ከሩቅ ስሙን ጥሩት፣ ራሱን ሲያነሳ ቅረቡ። ልጆች ይህን እንደ ቤት ሕግ ይወቁት፤ ሲበላና ሲተኛ አይነካም፣ ጥጉ ውስጥ ሲገባ አይከተሉትም። ትንንሽ ልጅ ከአዲስ ውሻ ጋር ለደቂቃም ቢሆን ያለ አዋቂ አይቅር።

ስለ ርችት ሳልናገር አላልፍም። በአዲስ ዓመት፣ በመስቀል፣ በገና ሰሞን ርችት ይተኮሳል፣ በሠርግ ቀን ደግሞ የመኪና ጥሩንባ አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ የድሮ ፍርሃት ሊቀሰቅስ ይችላል። የሩሲያው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ለሙከራ ያሠለጠናቸው ውሾች እ.ኤ.አ. በ1924 በሌኒንግራድ ጎርፍ ሲነሳ በየሣጥናቸው ውስጥ ሊሰጥሙ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር የተረፉት። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረሱ። አንዱ በብዙ ድካም ዳግም ከተማረ በኋላ፣ በክፍሉ በር ሥር ጥቂት ውኃ እንዲፈስ ሲደረግ እንደገና ተረበሸ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ጠፋ ሲባል ይመለሳል። ስለዚህ በእነዚያ ምሽቶች ውሻው ከመምሸቱ በፊት ይብላ፣ ይውጣና ይግባ፤ ከዚያ በተዘጋ ክፍል፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ሬዲዮ ተከፍቶለት ይቆይ። ግቢ ውስጥ ፈትታችሁ ብትተዉት አጥር ዘሎ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሕይወትና ሞት ጉዳይ። ታሪኩን የማታውቁት ትልቅ ውሻ ሲመጣ የመጀመሪያው መንገድ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዲያው ይወሰድ። በሽታው በውሻ አካል ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ መስሎ የመጣ ውሻ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠባዩ ድንገት ቢለወጥ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ ምራቁ ቢዝረከረክ፣ ድምፁ ቢሻክር ሳትነኩት ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ቀን ሳያልፍ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የቤተሰብ ወግ ቢኖር፣ ጸበልም ቢጠመቁ፣ ክትባቱ አይቅር፤ ሁለቱን የሚያጣላ ምንም ምክንያት የለም። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የተነከሰ ልጅ ከከተበ ወዲህ ይህ ሞት መከላከል የሚቻል ሆኗል፤ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በበሽታው ምርመራና ክትባት ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። እዚሁ ሰበታ ደግሞ ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የሰበታ ሰው ይህን ያህል እውቀት በደጁ ይዞ ውሻውን ሳያስከትብ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የክትባቱ ጥቅም የቤታችሁን አጥርም ይሻገራል፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው የዚህ በሽታ ወረርሽኝ ከቤት ውሾች የመጣ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል።

ማምከንንም ሐኪሙን ጠይቁ፤ ወንዱ መዞር ይቀንሳል፣ ሴቷ በየመንፈቁ ማንም የማይፈልጋቸውን ቡችሎች አትወልድም።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሻውና ቤቱ አይጣጣሙም። ልጅ በበዛበት ቤት የማይሆን ውሻ ልጅ በሌለበት ሰፊ ግቢ ጥሩ ሆኖ ሊኖር ይችላል። ቢያንስ ሦስት ወር ከሞከራችሁ በኋላ ወደ ሌላ ቤት ለማሻገር ብትወስኑ ነውር የለበትም። ነውሩ ማታ በመኪና ወስዶ በጫንጮ መንገድ ላይ ጥሎ መመለስ ነው። አዲስ ባለቤት ፈልጉ፣ የክትባት ካርዱን አብራችሁ ስጡ፣ የነከሰ ከሆነ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የሚጠራበትን ስም፣ የሚፈራውን ነገር፣ የሚበላበትን ሰዓት ጻፉለት፣ ጆንያውንም አትርሱ።